ገመዱን የያዘ እጅ

ወጣት ወገኖቼ፣ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። የድምፅ መስጫው ሣጥን ሳይነካ፣ ማንም ሁለት ጊዜ ድምፅ ሳይሰጥ፣ ቆጣሪዎቹም አንዷን ወረቀት ሳያጎድሉ ምርጫ ሊሰረቅ ይችላል? ብዙዎቻችን "ሁሉ ነገር በትክክል ከተቆጠረ ምኑ ይሰረቃል?" እንላለን። ነገር ግን ሊሰረቅ ይችላል። ስርቆቱ የሚፈጸመው ከምርጫው ቀን ብዙ ወራት ቀድሞ፣ በጸጥታ፣ በካርታ ላይ በሚሰመር መስመር ነው። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄም አለ፤ እኔን እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። መስመሩን የምናሰምረው እኛ ብንሆን፣ ዓላማችንም መልካም ቢሆን፣ ለራሳችን እንዲመች አድርገን ማስመራችን በእግዚአብሔር ፊት ምንድን ነው?

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በምናውቀው ምሳሌ እንየው። በአንድ አጥቢያ 25 ወጣቶች አሉ እንበል። በኅብረቱ ካዝና ያለው ገንዘብ ለምን ይዋል በሚለው ላይ ሐሳባቸው ተለያይቷል። 15ቱ "ለወንጌል ጉዞ ይዋል" ይላሉ፤ 10ሩ "የድምፅ መሣሪያ ይገዛበት" ይላሉ። የሚወስነው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። ወጣቶቹ አምስት አምስት ሆነው በአምስት የቤት ኅብረት ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ የቤት ኅብረትም በአብላጫ ድምፅ አንድ ተወካይ ይልካል።

ምደባውን የሚሠራው የጉዞው ደጋፊ ነው እንበል። በየቤት ኅብረቱ ሦስት የጉዞ ደጋፊና ሁለት የመሣሪያ ደጋፊ ያስቀምጣል። በአምስቱም ቤት ጉዞ ያሸንፋል፤ ውጤቱ 5 ለ 0 ነው። ከ25ቱ 10 የሆኑት ወንድሞችና እህቶች በኮሚቴው ውስጥ አንድም ድምፅ አይኖራቸውም።

አሁን ደግሞ ምደባውን የሚሠራው የመሣሪያው ደጋፊ ይሁን። አሥር የጉዞ ደጋፊዎችን ሰብስቦ ሁለት የቤት ኅብረት ይሞላባቸዋል። እነዚህ በሁለቱ ቤት 5 ለ 0 አሸንፈው ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። የቀሩትን አምስት የጉዞ ደጋፊዎች ግን በሦስቱ ቤቶች ላይ ሁለት፣ ሁለትና አንድ አድርጎ ይበትናቸዋል። በሦስቱም ቤቶች የመሣሪያው ደጋፊዎች ይበልጣሉ። ውጤቱ 3 ለ 2 ሆነ፤ 10 ሰዎች 15ቱን አሸነፉ። ልብ በሉ፤ በሁለቱም አመዳደብ ወጣቶቹ ያው ናቸው፣ ሐሳባቸውም ያው ነው፣ ድምፃቸውም በትክክል ተቆጥሯል። የተለወጠው ስም ዝርዝሩን የያዘው እጅ ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ በዓለም "ጄሪማንደሪንግ" ተብሎ ይታወቃል። ስሙ የመጣው የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ አስተዳዳሪ ከነበረው ከኤልብሪጅ ጌሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 የእርሱ ፓርቲ የግዛቲቱን ሴኔት የምርጫ ክልሎች ለራሱ እንዲመቹ አድርጎ አዋቀረ፤ ጌሪም ሕጉን ፈረመ። ከክልሎቹ አንዱ ከመጣመሙ የተነሣ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ ይመስል ስለነበር የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮ ሣለው፤ የአስተዳዳሪውን ስም ከእንስሳው ስም ጋር አጋብቶም ጠራው። በዚያ ዓመት ምርጫ የጌሪ ፓርቲ በጠቅላላው ድምፅ በጥቂቱ ተበልጦ ሳለ ከ40 የሴኔት ወንበሮች 29ኙን ወሰደ። ጌሪ ግን ተራ ወንበዴ አልነበረም፤ የአሜሪካን የነጻነት ዐዋጅ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ይህ የክፉ ሰዎች ብቻ ፈተና አይደለም። ለመልካም ነገር የቆሙ፣ "እኛ ካልመራን አገር ይጠፋል" ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎችም ይወድቁበታል።

ደግሞም አንዱ ሲጀምረው ሌላው ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሜን ካሮላይናና ከሜሪላንድ የመጡ ሁለት ክሶችን አየ። በአንደኛው መስመሩን በማጣመም የተከሰሱት ሪፐብሊካኖች፣ በሁለተኛው ዴሞክራቶች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ 4 ድምፅ "ይህ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚዳኙት ጉዳይ አይደለም" የሚል ውሳኔ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2025 ቴክሳስ ለሪፐብሊካኖች አምስት ያህል ተጨማሪ ወንበር ታስገኛለች የተባለች ካርታ አወጣች። ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት ለዴሞክራቶች ያንኑ ያህል ወንበር ታስገኛለች የተባለች ካርታ አውጥታ መለሰች። እያንዳንዱ ወገን "እነርሱ ስለጀመሩ ነው" ይላል። ከሁለቱም ያልሆነው መራጭ ግን የትኛውም ካርታ ሲሠራ የጠየቀው የለም።

እኛስ? አገራችን ከመስመርና ከገመድ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መሬት በቃላድ መለካት ሲጀምር በሸዋም ሆነ በአርሲ መሬቱ በጋሻ ተቆጥሮ ተከፋፈለ። ለባላባቱ የሚቀረው ድርሻ ሲሶ ይባል ነበር፤ የቀረው በመንግሥት እጅ ገብቶ ለሌሎች ተሰጠ። የጋሻው ስፋት እንኳ በየቦታው አንድ አልነበረም። ገመዱን የያዘውና መሬቱን ሲያርስ የኖረው ገበሬ አንድ ሰው ስላልነበሩ፣ ብዙ አባወራ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ አደረ። ያ ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ አበቃ። ትዝታው ግን በአያቶቻችን ዘንድ አለ። የእኛ አካባቢ ሰው "ልኬት" ሲባል "ገመዱን ማን ይዞታል?" ብሎ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም።

ዛሬ የምርጫ ክልልን ገመድ የሚይዘው ማን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5 መልስ ይሰጣል። የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ የቆጠራውን ውጤትና የምርጫ ቦርድን ሐሳብ መሠረት አድርጎ የምርጫ ክልሎችን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ በመጀመሪያ ሰው ይቆጠራል፣ ከዚያ መስመር ይሰመራል። ሦስተኛው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነበር። አራተኛው በ2010 ይካሄዳል ተብሎ ሲጠበቅ በጸጥታና በሌሎች ምክንያቶች ደጋግሞ ተራዘመ፤ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜም አልተካሄደም።

ይህ ለእናንተ ለአዳማ፣ ለሞጆ፣ ለባቱና ለሻሸመኔ ወጣቶች ሩቅ ወሬ አይደለም። አዳማ በ1987ቱ ቆጠራ 127,842 ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ 220,212 ሆነች። ሻሸመኔም በዚያ ቆጠራ ከ100,000 በላይ ሆና ተገኘች። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2006 ተመረቀ፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር መስመር በ2009፣ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ተመረቁ። ሥራ ፍለጋ፣ ትምህርት ፍለጋ፣ ሰላም ፍለጋ ስንቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን እንደመጣ በየእሑዱ ከምንጨምረው ወንበር እናውቀዋለን። በአገር ደረጃ የቆጠረን ግን የለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ከ1987 ጀምሮ 547 ነው፤ ከእነዚህ 178ቱ የኦሮሚያ ናቸው። ሕዝቡ ሲጨምርና ሲዘዋወር ወንበሩ ባለበት ቆሟል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሐረሪ ክልልና ድሬዳዋ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም በምክር ቤቱ ሁለት ሁለት ወንበር አላቸው። በ1999 ቆጠራ የሐረሪ ሕዝብ 183,415፣ የድሬዳዋ 341,834 ነበር። በቁጥር ብቻ ካየነው የአንዱ ድሬዳዋዊ ድምፅ የሐረሪውን ግማሽ ያህል ብቻ ይመዝናል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ቸኩለን አንፍረድ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር እንዲጠበቅ ያዛል። እኩል ቁጥር ብቻውን ሁልጊዜ ፍትሕ አይሆንም፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

እኔ "በእኛ አገር እገሌ ካርታውን አጣሞ ሠራው" የሚል ክስ አላቀርብም። እንዲያውም የእኛ ምርጫዎች ታሪክ ሌላ ነገር ያሳያል። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 ወንበር 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ፤ በ2007 ደግሞ 547ቱንም። አንድ ወገን ሁሉንም በሚወስድበት አገር መስመር ማጣመም እንኳ አያስፈልግም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው፣ ሰዎች እየተንቀሳቀሱ መስመሩን ባለበት መተውም መስመር ማስመር ነው፤ ማንም ብዕር ባያነሣም የአንዱ ድምፅ እየከበደ የሌላው እየቀለለ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ቆጠራው የተካሄደ ቀን መስመሩ እንደገና ይሰመራል፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል ዛሬ ይህን መጽሔት የምታነቡ ትኖሩበታላችሁ። የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የካርታ ባለሙያ፣ የምክር ቤት አባል፣ የምርጫ ቦርድ ሠራተኛ ሆናችሁ። ልባችሁ መዘጋጀት ያለበት ዛሬ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 የአገራችን ፕሬዚዳንት ነበሩ። የቄስ ጊዳዳ ሶለን ልጅ ናቸው፤ ቄስ ጊዳዳ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን አጥተው ሳለ በምዕራብ ወለጋ ወንጌልን ያደረሱ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የቤቴልን ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ አባት ናቸው። ዶክተር ነጋሶ ከሥልጣናቸውም ከድርጅታቸውም ተለዩ። በ1997ቱ ምርጫ በትውልድ ከተማቸው በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። በዚያ ምርጫ ከ547 ተመራጮች መካከል የግል ተወዳዳሪ የነበሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በኋላ ወደ ፓርቲ ፖለቲካ ተመልሰዋል፤ ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ዐረፉ። በፖለቲካ አቋማቸው ልትስማሙ ወይም ላትስማሙ ትችላላችሁ፤ ዛሬ የጠቀስኋቸው በ1997 ስለቆሙበት ቦታ ነው።

የግል ተወዳዳሪ የት ነው የሚቆመው? በመጀመሪያ፣ መስመር ሲሰመር በጠረጴዛው ዙሪያ ወገን የለውም። መስመሩን ይህ ፓርቲ ያስምረው ያ ፓርቲ፣ ለእርሱ ብሎ የሚያስምር የለም። ስለዚህ ስለ መስመሩ ሲናገር "ለእኛ ይመቻል ወይስ ለእነርሱ?" ብሎ ሊጀምር አይችልም፤ "ትክክል ነው ወይ?" ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ የለውም። ሁለተኛ፣ ደጋፊዎቹ አስቀድመው አይቆጠሩም። ካርታ የሚያጣምም ሰው "በዚህ ቀበሌ ያለው የእኛ ነው፣ በዚያ ሰፈር ያለው የእነርሱ ነው" ማለት መቻል አለበት፤ ሰውን በቋንቋው፣ በአባቱ ስም፣ በሰፈሩ ያሰላዋል። የግል ተወዳዳሪ ደጋፊዎች ግን በዚህ ስሌት አይያዙም። ሦስተኛ፣ የሚያሸንፈው ሰው አሳምኖ ብቻ ነው። በር አንኳኩቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ጥያቄ ሰምቶ፣ "እስካሁን ሌላ መርጠህ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ስማኝ" ብሎ።

ወገኖቼ፣ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል። መስመርን ለራስ ማጣመም ክፉ የሚሆነው ውጤቱን ስለሚያዛባ ብቻ አይደለም። ስለ ሰው የሚናገረው ውሸት አለበት። "ይህ ሰው አይለወጥም፤ አባቱ የነበረውን ነው፣ ነገም ዛሬ የሆነውን ነው" ይላል። የካርታው ሒሳብ የሚሠራው ሰው በተመደበበት ከቀረ ብቻ ነው። እኛ ግን የምናምነው ሌላ ነገር ነው። ሰው ንስሐ ሊገባ፣ ሐሳቡን ሊለውጥ፣ አዲስ ፍጥረት ሊሆን እንደሚችል እናምናለን። እኛ ራሳችን ማንም ያልጠበቀን ሰዎች ነን፤ ከእናንተ መካከል ስንቱ ነው ዘመዶቹ "እርሱ ጌታን ይቀበላል" ብለው ያልገመቱት? ወንጌልን የተቀበልነው ሰው ስላሳመነን ነው፤ ማንም መድቦ ክርስቲያን ያደረገን የለም። ጎረቤቱን ለማሳመን የማይደክም፣ ግን በማይጎዳው ክልል መድቦ የሚያልፈው ሰው፣ ጎረቤቱን መውደድ ትቶ ማስላት ጀምሯል።

"ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ግን እነርሱ ያደርጉታል፤ እኛ ባናደርገው እንሸነፋለን፤ ከተሸነፍን ደግሞ ክፉ ሕግ ይወጣል" የሚል ይኖራል። ይህን ሙግት አልንቀውም። መሸነፍ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ድሃው ነው። ሆኖም ሙግቱ የሚደብቀውን እንመልከት። ከ25ቱ ወጣቶች 10ሩ 15ቱን ሲያሸንፉ የወሰዱት የኮሚቴውን ውሳኔ ብቻ አይደለም። የ15ቱን ቃል ወስደዋል፤ እርሱ የጎረቤታቸው ንብረት ነው። መልካም ዓላማ የጎረቤትን ንብረት የራሳችን አያደርገውም። ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ብሎ የተሰረቀ ሲሚንቶ ያው የተሰረቀ ነው። ደግሞም ለክፉ መከላከያ ብለን ያጣመምነው መስመር እኛ ስንሄድ አብሮን አይሄድም። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ብዕሩን ከእጃችን ይቀበላል፤ እንዴት እንደሚያዝም ከእኛ ተምሯል።

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ላይ ዝም አላሉም። በዘዳግም 27፥17 የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚያፈልስ ከተረገሙት ጋር ተቆጥሯል። ያ ምዕራፍ የሚዘረዝራቸው ኃጢአቶች አብዛኞቹ ሰው ሳያይ የሚሠሩ ናቸው። የድንበር ድንጋይ በሌሊት ጥቂት ክንድ ቢገፋ ጠዋት ማን ያውቃል? የካርታ መስመርም እንዲሁ ነው፤ መራጩ ድምፁ እንደተበተነበት ሳያውቅ ተሰልፎ መርጦ ይመለሳል።

እግዚአብሔር ለሕዝቡ ርስት ሲያካፍል የተጠቀመበትን ሥርዓት ደግሞ ተመልከቱ። በዘኍልቍ 26 አስቀድሞ ሕዝቡ ተቆጠረ፤ የርስቱ ስፋት በቁጥራቸው እንዲሆን፣ ቦታው ግን በዕጣ እንዲወሰን ታዘዘ። በኢያሱ 18 ገና ርስት ያልደረሳቸው ሰባት ነገዶች ነበሩ። ከየነገዱ ሦስት ሦስት ሰዎች ተልከው ምድሪቱን ዞሩ፣ በሰባት ከፍለውም በመጽሐፍ ጻፉት፤ ከዚያ በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት ዕጣ ተጣለ። ጥበቡን አያችሁት? መስመሩን ያሰመሩት ከሁሉም ነገድ የተውጣጡ ነበሩ፤ ሲያሰምሩም የትኛው ክፍል የማን እንደሚሆን አያውቁም ነበር። የብንያም ሰው አንዱን ክፍል አስፍቶ ሌላውን ቢያጠብ ጠባቡ ለራሱ ሊወጣ ይችላል። በቤታችንም ይህን እናውቀዋለን፤ ልጆች ዳቦ ሲካፈሉ አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ቀድሞ ያነሣል። የሚቆርሰው ልጅ ያን ቀን እንዴት እንደሚጠነቀቅ አይታችኋል።

አሁን ወደ ተውሁት ነጥብ ልመለስ። ቁጥር ብቻ ፍትሕ ካልሆነ፣ ለጥቂቶች ቦታ መጠበቅስ መስመር ማጣመም አይደለም? በሐዋርያት ሥራ 6 በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ መበለቶች በዕለቱ መስተንግዶ ችላ ተባሉ፤ ማጉረምረምም ተነሣ። የቤተ ክርስቲያኒቱ አብላጫ ዕብራውያን ነበሩ ማለት ይቻላል፤ በቁጥር ቢሄዱ ሰባቱንም አገልጋዮች ከራሳቸው ሊመርጡ ይችሉ ነበር። የተመረጡት ሰባቱ ስማቸው ግን ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ልዩነቱ የት እንዳለ አስተውሉ። በኢየሩሳሌም ብዙ የነበሩት፣ በጉባኤ ፊት፣ ሁሉ እያወቀ፣ ከእጃቸው ለተበደሉት ሰጡ። መስመር የሚያጣምም ግን በስውር፣ ከሌላው ወስዶ ለራሱ ይሰጣል። ስለዚህ "ይህ መስመር እኩል ቁጥር አለው ወይ?" ብቻ ብለን አንጠይቅ፤ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ በብርሃን ነው ወይስ በጨለማ ብለንም እንጠይቅ።

ይህ ወደ ደጃችን ይመጣል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ያሉ አጥቢያዎች ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ያመልካሉ። የሽማግሌዎች ወይም የወጣት መሪዎች ምርጫ ሲደርስ "የትኛው ጉባኤ ስንት ይወክላል? አዲሶቹ አባላት በየትኛው ይቆጠራሉ? የቤት ኅብረቶቹ ከምርጫው በፊት ይከፈሉ ወይስ በኋላ?" የሚሉ ጥያቄዎች ይነሣሉ። እነዚህ የቢሮ ጥያቄዎች መስለው ይመጣሉ፤ በውስጣቸው ግን የድንበር ድንጋይ አለ። አዲስ የቤት ኅብረት ለመክፈት ስታስቡ በልባችሁ የመጣው "ማን እረኛ አጥቷል?" ነው ወይስ "በዚህ ብንከፍለው እነ እገሌ አይመረጡም"? ይህን ከእናንተና ከጌታ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ አራት ነገር አደራ እላችኋለሁ። ቆጠራ ሲመጣ ተቆጠሩ፤ እውነተኛውን ቁጥር ተናገሩ፤ በቤታችሁ የተከራየውን፣ የተጠጋውን፣ ከገጠር መጥታ በቤት ሠራተኝነት የምታገለግለውን እህት አትርሱ፤ ያልተቆጠረ ሰው መስመር አይሰመርለትም። አንቀጽ 54ንና 103ን አንብቡ፤ ገመዱ በማን እጅ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሲጓደልበትም አያውቅም። የመመደብ ሥልጣን ሲሰጣችሁ፣ በቤተ ክርስቲያንም በቀበሌም በመሥሪያ ቤትም፣ ስሞቹን ከማየታችሁ በፊት መለኪያውን ጽፋችሁ ለሁሉም አሳዩ፤ ከማይስማማችሁ ወገንም ሰው አስቀምጡ። መስመሩ ከተሰመረ በኋላም በማቴዎስ 7፥12 ጌታ ባስተማረን መለኪያ ፈትሹት። ይህንኑ መስመር የምፎካከረው ሰው አስምሮት ቢሆን ኖሮ "ትክክል ነው" ብዬ እቀበለው ነበር? መልሱ "አይ" ከሆነ ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሱት። ማንም ሳያያችሁ ገፍታችሁት እንደሆነ፣ ማንም ሳያያችሁ መመለስም ትችላላችሁ።

እንዲህ ስታደርጉ ልትሸነፉ ትችላላችሁ። የድምፅ መሣሪያው ሳይገዛ ሊቀር፣ የምትወዱት ሰው ሳይመረጥ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ የሚቀራችሁ አንድ መንገድ ነው፤ ወደ ጎረቤታችሁ ሄዳችሁ መነጋገር፣ መስማት፣ ማስረዳት፣ ምናልባትም እናንተ ራሳችሁ ማመን። ረጅም መንገድ ነው፤ ብዙ ቡና ያስጠጣል። ቢሆንም ጎረቤታችሁ በዚያ መንገድ ላይ በሙሉ ሰውነቱ ያገኛችኋል። እናንተም ምናልባት ገምታችሁት የማታውቁትን ሰው ታገኙ ይሆናል።